የነኹት ዔረር ከወደቀ በኋላ

በእስራኤል አጠቃላይ የአካል ጉዳት አበል፣ በየሰፈሩ ነኹት የሚባለው፣ የሚሰጠው ሁለት ጊዜ ተመዝኖ ነው። በመጀመሪያው ሚዛን ሐኪም የጤናውን ጉድለት በመቶኛ ይወስናል። በሁለተኛው የቢቱዋሕ ሌኡሚ (የብሔራዊ መድን ድርጅት) የማመልከቻ ኃላፊ፣ ሐኪሙንና የመልሶ ማቋቋም ባለሙያውን አማክሮ፣ ያ ጉድለት ሰውየውን ሠርቶ ከማደር ምን ያህል እንዳገደው ይወስናል። ለመጀመሪያው ሚዛን መነሻው 60 በመቶ ነው፤ ከጉድለቶቹ አንዱ ብቻውን 25 በመቶ ከደረሰ ግን በጠቅላላው 40 በመቶ ይበቃል። የቤት እመቤት ተብላ ለተመዘገበች ሴት 50 በመቶ ይጠየቃል። ሁለተኛውን ሚዛን ለማለፍ የሥራ አቅም ቢያንስ በግማሽ መቀነስ አለበት፤ ያለፈ ሰው 60፣ 65፣ 74 ወይም 100 በመቶ የሚል ደረጃ ይሰጠዋል፤ የአበሉም መጠን በዚያው ይለያያል።

ዔረሩ (በቢቱዋሕ ሌኡሚ ውሳኔ ላይ ለይግባኝ ኮሚቴ የቀረበው አቤቱታ) ወድቋል የሚለው ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ከሁለቱ ሚዛኖች ስለ አንዱ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ግን «ነኹት ተከለከልኩ» ብሎ ተረድቶት እዚያው ያቆማል። ከዚህ የሚብስ ጉዳት የለም፤ ምክንያቱም ከዔረር በኋላ ያለው መንገድ የሚለየው በወደቀው ሚዛን ነው፤ መንገዱ ሁሉ ደግሞ በቀን የተገደበ ነው። ለምሳሌ በሐዴራ ከተማ በነቬ ሐይም ሰፈር የሚኖር ሰው ጉዳዩ በሐዴራው የቢቱዋሕ ሌኡሚ ቅርንጫፍ ይታያል፤ ወደ ፍርድ ቤት ሲያልፍ ግን ሐዴራ በሐይፋ ወረዳ ውስጥ ስላለች ፋይሉ የሚከፈተው በሐይፋው የአካባቢ የሥራ ፍርድ ቤት ነው።

ቀኑና ፕሮቶኮሉ

የመጀመሪያው ሥራ ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን መጻፍ ነው። በፖስታ ከመጣ ፖስታው አይጣልም፤ የደረሰበት ቀን ፖስታው ላይ ይጻፋል። ዲጂታል ደብዳቤ ለመቀበል የተስማማ ሰው ግን መልእክቱ በስልክ ይደርሰውና ደብዳቤው በቢቱዋሕ ሌኡሚ የግል ገጹ ላይ ይቀመጣል። በብዙ ቤት የወላጆችን የግል ገጽ የሚከፍቱት ልጆች ናቸው፤ ልጅ በወታደር ቤት ወይም በሥራ ተይዞ መልእክቱ ሳይከፈት ቢሰነብት ቀኑ አይጠብቅም። የዔረሩን ቫዓዳ (ኮሚቴ) ውሳኔ በሥራ ፍርድ ቤት ለመቃወም ያለው ጊዜ ውሳኔው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው። ይህም የሥራ ቀን ብቻ ተቆጥሮ ሳይሆን ሰንበቱም በዓሉም ተጨምሮ ነው። ካለፈ በኋላ ፍርድ ቤቱን የጊዜ ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል፤ ነገር ግን በማስረጃ የተደገፈ ልዩ ምክንያት ያስፈልገዋል፤ «አልገባኝም ነበር» የሚለው ብቻውን ብዙ አያስኬድም።

ሁለተኛው ሥራ የቫዓዳውን ሙሉ ፕሮቶኮል ማግኘት ነው። የደብዳቤው ማጠቃለያ ሁለት መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ዳኛም ጠበቃም የሚያነቡት ግን ፕሮቶኮሉን ነው። በውስጡ አመልካቹ ለቫዓዳው የተናገረው ቅሬታ፣ ሐኪሞቹ በምርመራ ያዩት፣ የተመለከቷቸው የሕክምና ወረቀቶች፣ ለእያንዳንዱ ጉድለት የመረጡት አንቀጽና የሰጡት መቶኛ፣ በመጨረሻም የውሳኔያቸው ምክንያት ይገኛል። ከግል ገጹ ማውረድ ወይም ከሐዴራው ቅርንጫፍ መጠየቅ ይቻላል። ከፕሮቶኮሉ ጋር ለቫዓዳው የቀረቡት የሕክምና ወረቀቶች በሙሉ በአንድ ፋይል ቢሰበሰቡ መልካም ነው፤ ምክንያቱም በኋላ የሚነሳው ዋና ጥያቄ «ቫዓዳው በእጁ የነበረውን ወረቀት አይቶታል ወይ?» የሚል ነው።

የወደቀው የትኛው ነው

የሕክምና መቶኛው ከተፈለገው በታች ስለሆነ የወደቀ ሰው ጉዳዩን ያየው የሕክምና የዔረር ቫዓዳ ነው። መቶኛውን አልፎ የሥራ አቅሙ አልቀነሰም የተባለ ሰው ደግሞ ሌላ የዔረር ቫዓዳ አለው፤ እዚያ ሐኪም ብቻ ሳይሆን የመልሶ ማቋቋም ባለሙያም ይቀመጣል። አንዳንዱ በመጀመሪያው ቫዓዳ አሸንፎ በሁለተኛው ሚዛን ሲወድቅ «ዔረሬ አልቋል» ይላል፤ ለሁለተኛው ሚዛን ግን ገና ዔረር አላስገባ ይሆናል፤ ለዚያም ሌላ 60 ቀን አለው። ስለዚህ ወደ ፍርድ ቤት ከመሮጥ በፊት ሁለቱም ዔረሮች በእርግጥ ማለቃቸው ይጣራ።

መቶኛው የሚሰላበትን መንገድ ማወቅ ፕሮቶኮሉን ለማንበብ ይረዳል። ጉድለቶች እንዲሁ አይደመሩም፤ እያንዳንዱ ተከታይ ጉድለት የሚሰላው ከቀረው ጤና ላይ ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው ለወገቡ 20፣ ለጉልበቱ 20፣ ለስኳር በሽታው 20፣ ለጆሮው 10 በመቶ ቢሰጠው በጣት ሲቆጠር 70 ነው። በሕጉ ስሌት ግን መጀመሪያ 20፣ ከቀሪው 80 ላይ 20 በመቶ ሲጨመር 36፣ ከዚያ 48.8፣ በመጨረሻ 53.92 ይሆናል። 60 አልደረሰም፤ ከጉድለቶቹም አንዱም 25 አልሞላም፤ ስለዚህ ይወድቃል። ነገር ግን የወገቡ ጉድለት 20 ሳይሆን 30 ሊባል ይገባው ከነበረ ሁሉም ነገር ይለወጣል፤ አንዱ ጉድለት ከ25 ያልፋል፣ ድምሩ ከ40 በላይ ነው፣ ሰውየውም የመጀመሪያውን ሚዛን ያልፋል። ከዚህ የተነሳ ትግሉን ሁሉ በጠቅላላ ድምሩ ላይ ከማድረግ አንድን ከባድ ጉድለት መርጦ እዚያ ላይ ማተኮር የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሦስተኛ ዓይነት ውድቀትም አለ፤ ከሕክምና ጋር የማይገናኝ። የማመልከቻ ኃላፊው ገቢው ከፍ ብሏል፣ አመልካቹ በሕጉ መሠረት መድን ያለው አይደለም፣ ወይም አመልካቿ «የቤት እመቤት» ናት ብሎ የወሰነ እንደሆነ ነገሩ የቫዓዳ ጉዳይ አይደለም። በቀጥታ በሥራ ፍርድ ቤት ክስ ይቀርባል፤ ጊዜውም 12 ወር ነው። የመጨረሻው ነጥብ ከኢትዮጵያ የመጡ ሴቶችን በብዛት ይነካል። ሕጉ የቤት እመቤት የሚላት ያገባች ሆና ከማመልከቻዋ በፊት በነበሩት 48 ወራት ውስጥ 12 ተከታታይ ወይም 24 የተቆራረጡ ወራት ከቤት ውጭ ያልሠራችን ሴት ነው። በዚህ ስም የተመዘገበች ሴት የምትመዘነው በቤት ሥራዋ ነው፤ ምግብ ማብሰል፣ ማጽዳት፣ መግዛት መቻሏ ይጠየቃል። ለዓመታት በጽዳት የሠራች ሴት በቀጣሪው ለውጥ ወይም በጠፋ የደመወዝ ወረቀት ምክንያት በዚህ መዝገብ ውስጥ ልትገባ ትችላለች። የደመወዝ ወረቀት (ትሉሽ)፣ የባንክ መግለጫና የቀጣሪው ደብዳቤ ተሰብስቦ ምዝገባው እንዲስተካከል መጠየቅ ያዋጣል።

የሥራ ፍርድ ቤቱ የሚያየው

የዔረር ቫዓዳ ውሳኔ በሥራ ፍርድ ቤት የሚታየው በሕግ ጥያቄ ብቻ ነው። ዳኛው የወገብን ሕመም አይመዝንም፣ ኤምአርአይ አያነብብም፣ 20 የነበረውን በራሱ እጅ 30 አያደርግም። የሚመረምረው ቫዓዳው ሥራውን ሕጉ በሚያዘው መንገድ ሠርቷል ወይ የሚለውን ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል፤ ሕመሙ እውነት ሆኖ ሳለ ሕመሙ የማይሰማበት ፍርድ ቤት ምን ይረባል ብሎ። ነገር ግን ቫዓዳዎች የሚሳሳቱት በአብዛኛው በአሠራር ስለሆነ፣ ፕሮቶኮሉን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው የሚይዘው ነጥብ ሊያገኝ ይችላል።

ዋናው ነጥብ ምክንያት አለመስጠት ነው። ቫዓዳው የፍርድ ቤት ባሕርይ ያለው አካል ስለሆነ ውሳኔውን ሐኪም ያልሆነ ሰው እንኳ ሊከታተለው በሚችል መንገድ ማስረዳት አለበት። «መርምረናል፤ ለውጥ አያስፈልግም» ብሎ ያለፈ ፕሮቶኮል ደካማ ነው። ሁለተኛው የቀረበን ወረቀት ማለፍ ነው። አመልካቹ የልዩ ሐኪም የባለሙያ አስተያየት አቅርቦ ከሆነና ቫዓዳው ከዚያ የተለየ ውሳኔ ከወሰነ፣ አስተያየቱን ለምን እንዳልተቀበለው መግለጽ ይጠበቅበታል። በፕሮቶኮሉ ውስጥ ስሙ እንኳ ያልተነሳ አስተያየት ጥሩ የይግባኝ ነጥብ ነው። ሦስተኛው የተነገረን ቅሬታ አለማስተናገድ ነው፤ ለምሳሌ አመልካቹ ስለ መንፈስ ጭንቀት ተናግሮ በቫዓዳው ውስጥ የአእምሮ ሐኪም ካልነበረ፣ ወደ እንደዚያ ያለ ሐኪምም ካልተላከ። ከእነዚህ ሌላ የተሳሳተ አንቀጽ መምረጥ፣ የራስን ግኝት የሚቃረን መቶኛ መስጠት (መንቀሳቀስ በእጅጉ እንደተገደበ ጽፎ ለቀላል ገደብ የሚሰጠውን ቁጥር መስጠት)፣ እንዲሁም ፍርድ ቤት ቀደም ሲል የሰጠውን ትእዛዝ አለመፈጸም አሉ።

የሥራ አቅም ማጣትን ያየው ቫዓዳ የሚመረመረው በሌላ ዓይን ነው። ሕጉ ሰውየው ወደ ሥራው በሙሉ ወይም በከፊል መመለስ ይችል እንደሆነ፣ ሌላ ሙያ መማር ይችል እንደሆነ ሲያይ ትምህርቱን፣ የአካል አቅሙንና የጤና ሁኔታውን እንዲመለከት ያዛል። በጎንደር ገጠር ትምህርት ቤት ሳይገባ ያደገ፣ በእስራኤል በፋብሪካ፣ በማሸጊያ ቤትና በጽዳት የኖረ የ58 ዓመት ሰው «ተቀምጦ የሚሠራ የቢሮ ሥራ ይችላል» ከተባለ ውሳኔው ሰውየውን አላየም ማለት ነው። በ1984ቱ የሙሴ ዘመቻም ሆነ በግንቦት 1991ዱ የሰሎሞን ዘመቻ አዋቂ ሆነው ወደ እስራኤል የገቡ ብዙዎች ታሪካቸው ይኸው ነው። ቫዓዳው የሰውየውን የትምህርትና የሥራ ታሪክ በፕሮቶኮሉ አስፍሮ፣ ያንን ከመደምደሚያው ጋር አገናኝቶ ካልጻፈ ነጥቡ ይነሣል።

የትርጉም ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። ዕብራይስጥ በደንብ የማይናገር ሰው ቅሬታው በትክክል ካልተመዘገበ ቫዓዳው ሰምቶታል ለማለት ያስቸግራል። ፕሮቶኮሉን አማርኛና ዕብራይስጥ ከሚያውቅ ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ቃል በቃል ማንበብና አመልካቹ በእርግጥ ከተናገረው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። ሌላም አለ። ከኢትዮጵያ የመጣ አዋቂ «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ጨዋነቱ ነው፤ ሕመሙን ቢያወራ እንደ ማጉረምረም ይቆጥረዋል። በቫዓዳው ወረቀት ላይ ግን ይህ መልስ ሰውየው ቅሬታ እንደሌለው ሆኖ ሊሰፍር ይችላል። ፍርድ ቤት ይህን ብቻ በስህተትነት ባይቀበለው እንኳ፣ ጉዳዩ ወደ ቫዓዳ ሲመለስ አነጋገሩ እንዴት መለወጥ እንዳለበት ያስተምራል።

ፋይሉን መክፈት

በብሔራዊ መድን ጉዳይ ለሥራ ፍርድ ቤት ለሚቀርብ ይግባኝ የፍርድ ቤት ክፍያ አይጠየቅም። ይግባኙ አጭር ጽሑፍ ነው፤ የአመልካቹ ማንነት፣ የተቃወመው ውሳኔና ቀኑ፣ ከዚያም የሕግ ስህተቶቹ ተራ በተራ ይጻፋሉ። ፕሮቶኮሉና ቫዓዳው ያላያቸው ወይም የዘለላቸው ወረቀቶች ይያያዛሉ። ከውሳኔው በኋላ የተገኘ አዲስ የምርመራ ውጤት ለዚህ ይግባኝ አይረዳም፤ ቫዓዳው ያልነበረውን ወረቀት አላየም ተብሎ አይወቀስም። የዚያ ወረቀት ቦታው አዲስ ማመልከቻ ነው።

ጠበቃ መክፈል ለማይችል ሰው የፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ እርዳታ ክፍል (ሲዩዓ ሚሽፓቲ) አለ፤ በ1972ቱ የሕግ እርዳታ ሕግ የተቋቋመ ነው። በሌሎች ጉዳዮች የገቢ መመዘኛ ሲኖረው በቢቱዋሕ ሌኡሚ ጉዳይ ግን ገቢ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ጉዳዩ የማሸነፍ ዕድል አለው ወይ የሚለው ብቻ ነው። ለሐዴራ ሰው የሚመለከተው የሐይፋ ወረዳ ቢሮ ነው፤ ማመልከቻውን ከቤት በኢንተርኔት መላክም ይቻላል። ፋይሉን መርምረው ጠበቃ እስኪመድቡ ሳምንታት ስለሚያልፉ፣ ደብዳቤው በደረሰ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ሳምንት መጠየቅ ይገባል። 50 ቀን አሳልፎ የመጣ ሰው ጠበቃውንም ራሱንም ያጣብባል። ከኢትዮጵያ ለመጡ ሰዎች መብት የሚሠራው ጠበቃ የተባለው ድርጅትም በአማርኛ ምክር ለማግኘት ጥሩ መነሻ ነው።

የግል ጠበቃ ወይም «የሕክምና መብት አስከባሪ» ነን የሚሉ ኩባንያዎች ከሚመጣው አበል ላይ መቶኛ ይጠይቃሉ። ውሉ በዕብራይስጥ ስለሚጻፍ ሳይተረጎም አይፈረም። በተለይ የሚከፈለው ከኋላ ታስቦ ከሚሰጠው ገንዘብ ብቻ ነው ወይስ ከየወሩ አበልም ይቆረጣል፣ አመልካቹ በራሱ ሌላ መንገድ ቢያሸንፍስ ይከፍላል ወይ የሚሉት በግልጽ ይጠየቁ። ነፃ እርዳታ ባለበት ጉዳይ የወር አበልን ክፍል አሳልፎ መስጠት ተገቢ አይደለም።

ችሎቱ ብዙ ጊዜ አጭር ነው። የቢቱዋሕ ሌኡሚ ተወካይ ፕሮቶኮሉን አይቶ ስህተት እንዳለ ከተረዳ ጉዳዩ በስምምነት ወደ ቫዓዳው እንዲመለስ ሐሳብ ሊያቀርብ ይችላል። ስምምነቱ ጥሩ የሚሆነው ትእዛዙ ግልጽ ሲሆን ነው። «ቫዓዳው እንደገና ይመልከተው» የሚል ልቅ ትእዛዝ ያው ውሳኔ በሌላ ቀለም እንዲመለስ በር ይከፍታል። «ቫዓዳው የአጥንት ሐኪሙን አስተያየት ያንብብ፣ ለምን እንዳልተቀበለው ያስረዳ፣ የወገቡን አንቀጽ እንደገና ይመርምር» የሚል ትእዛዝ ግን ያስገድዳል። ጉዳዩ ከትእዛዝ ጋር ሲመለስ ቫዓዳው በትእዛዙ ውስጥ ያለውን ብቻ ስለሚያይ፣ የተረሳ ጉድለት ካለ በዚሁ ጊዜ ትእዛዙ ውስጥ መግባት አለበት። ቫዓዳው በሐሳቡ እንደተቆለፈ የሚያሳይ ነገር ካለ በሌሎች ሐኪሞች እንዲታይ ይጠየቃል፤ ይህ ግን በልዩ ሁኔታ የሚሰጥ ነው።

የሐይፋው ፍርድ ቤት ይግባኙን ካልተቀበለው በ30 ቀን ውስጥ ኢየሩሳሌም ያለውን ብሔራዊ የሥራ ፍርድ ቤት ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል። ፈቃዱ የሚሰጠው ከአንድ ሰው ጉዳይ ያለፈ የሕግ ጥያቄ ወይም ግልጽ መዛባት ሲኖር ስለሆነ፣ ያለ ጠበቃ ምክር ወደዚያ መሄድ ጊዜን ማባከን ነው።

አዲስ ማመልከቻ

የጤናው ሁኔታ የተባባሰ ሰው ከፍርድ ቤቱ ጎን ለጎን ወይም በፍርድ ቤቱ ፋንታ እንደገና እንዲመረመር ማመልከት ይችላል። በመርህ ደረጃ ከመጨረሻው ውሳኔ 6 ወር ማለፍ አለበት፤ መባባሱንም የሚያሳይ የቅርብ ጊዜ የሕክምና ወረቀት ያስፈልጋል። የሁለቱን መንገድ ልዩነት መረዳት ገንዘብ ነው። ፍርድ ቤቱ የሚያየው የድሮውን ማመልከቻ ስለሆነ ያሸነፈ ሰው ከድሮው ቀን ጀምሮ ይከፈለዋል። በአዲሱ ማመልከቻ ግን ወደ ኋላ የሚከፈለው ማመልከቻው ከገባበት ቀን በፊት ቢበዛ 12 ወር ነው፤ የድሮው ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የሕግ ነጥቡ ጠንካራ ከሆነ አዲስ ማመልከቻ ቀላል ስለመሰለ ብቻ ይግባኙ አይተው። በተቃራኒው ቫዓዳው ሥራውን በደንብ ሠርቶ ሕመሙ ግን ከዚያ በኋላ የከፋ ከሆነ፣ ወደ ሐይፋ መመላለሱ ትርፍ የለውም።

አዲሱን ማመልከቻ የሚሸከሙት ወረቀቶች ናቸው። የኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅት) ሐኪም የሚሰጠው የበሽታ ስም ዝርዝር ብቻውን አይበቃም። ሐኪሙ ሰውየው ምን ማድረግ እንዳቃተው እንዲጽፍ መጠየቅ አለበት፤ ስንት ደረጃ ወጥቶ እንደሚቆም፣ ስንት ደቂቃ መቀመጥ ወይም መቆም እንደሚችል፣ ምን ያህል ክብደት ማንሳት እንደማይችል፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነቃ፣ መድኃኒቱ ምን ዓይነት ድካም እንደሚያመጣበት። የስኳር በሽታ ካለ የዓይን፣ የኩላሊትና የእግር ነርቭ ምርመራ ለየብቻ ይሠራ፤ ስኳሩ ብቻ የሚሰጠውና ያመጣው ጉዳት የሚሰጠው መቶኛ አንድ አይደለም። በሐዴራው ሂሌል ያፌ ሕክምና ማዕከል ሐኪም ሳሉ ዶክተር አናት ያፌ በ1998 ያቋቋሙት ቴኔ ብሪኡት የተባለው ድርጅት የኢትዮጵያውያንን የስኳር በሽታ ከዋና ሥራዎቹ አንዱ ያደረገው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐኪምና ሕመምተኛ ሳይግባቡ የተጻፈ ወረቀት በኋላ ቫዓዳ ፊት ስለሚከዳ፣ በክሊኒክ የአማርኛ የስልክ አስተርጓሚ እንዲገናኝ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ አገናኝ ሠራተኛ (መገሽር) ያለበት ክሊኒክ ከሆነ ደግሞ እርሱ ይጠየቅ።

ወደ ቫዓዳው ከመሄድ በፊት ቢቱዋሕ ሌኡሚ ራሱ ያቋቋመው ያድ መኻቬኔት የሚባል የምክር ማዕከል አለ፤ በሐይፋም ይገኛል። ሐኪምና አማካሪ ወረቀቶቹን በነፃ አይተው ምን እንደጎደለ ይነግራሉ። በቫዓዳው ቀን አጃቢ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። አጃቢው ዕብራይስጥ የሚያውቅ ልጅ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አባትና እናት በልጃቸው ፊት የማይናገሩት ሕመም አለ። የሽንት መቆጣጠር ችግር፣ የመኝታ ነገር፣ ወደ እስራኤል ሲመጡ በሱዳን መንገድ ያዩት ሞት የሚያመጣባቸው ቅዠት። እንዲህ ያለው ነገር አስቀድሞ በሐኪም ወረቀት ላይ መስፈር አለበት፤ ያኔ በአፍ መናገር ባይቻል እንኳ ቫዓዳው ያነበዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በዔረርም ሆነ በድጋሚ ምርመራ ቀድሞ የተሰጠ መቶኛ ሊቀነስም ይችላል። የዔረር ቫዓዳ ለመቀነስ ካሰበ አመልካቹን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ስላለበት፣ ያ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ዔረሩን ማንሳት ይሻል እንደሆነ ወዲያው ከጠበቃ ጋር መመካከር ያስፈልጋል።

ነኹቱ ባይገኝም

ሕመሙ ከሥራ የመጣ ከሆነ ማመልከቻው የተሳሳተ መዝገብ ውስጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። የሥራ ጉዳት በቢቱዋሕ ሌኡሚ ራሱን የቻለ ክፍል ነው፤ መነሻውም በጣም ዝቅ ያለ ነው። ከ9 እስከ 19 በመቶ የአንድ ጊዜ ክፍያ፣ ከ20 በመቶ ጀምሮ ወርኃዊ አበል ይሰጣል። በፋብሪካ ጫጫታ የተጎዳ ጆሮ፣ ለዓመታት በተደጋጋሚ እንቅስቃሴ የተጎዳ ትከሻ በዚህ ሊታይ ይችላል። እዚህም በጊዜ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ከ12 ወር በላይ የዘገየ ሰው የኋላውን ክፍያ ያጣል።

ብዙ ሰው የሚረሳው የጡረታ ፈንዱን ነው። ከጥር 2008 ጀምሮ በእስራኤል ቀጣሪ ለሠራተኛው ጡረታ መክፈል ግዴታው ነው፤ የጽዳት ሠራተኛም ይሁን የፋብሪካ። በአብዛኞቹ የጡረታ ፈንዶች ውስጥ የአካል ጉዳት መድን አብሮ አለ። ፈንዱ የራሱ ሐኪም፣ የራሱ ደንብና የራሱ የይግባኝ ሥርዓት ስላለው ቢቱዋሕ ሌኡሚ እምቢ ማለቱ እርሱን አይዘጋውም። የሥራ አቅሙ በ25 በመቶ የቀነሰ ሰው ከፈንዱ ከፊል አበል ሊያገኝ ይችላል። ወደ ፈንዱ ከመግባቱ በፊት ለነበረ ሕመም ብዙ ጊዜ የ60 ወር የመቆያ ጊዜ አለ። ሥራ ያቆመ ሰው ሽፋኑ ለጥቂት ወራት ብቻ ስለሚቆይ በደመወዝ ወረቀቱ ላይ የፈንዱን ስም ፈልጎ ቶሎ ማመልከት አለበት።

አበል ባይሰጥም የተወሰነው መቶኛ ራሱ ይጠቅማል። ቢያንስ 20 በመቶ ያለውና የድሮ ሥራውን መሥራት ያቃተው ሰው በቢቱዋሕ ሌኡሚ የሙያ መልሶ ማቋቋም መጠየቅ ይችላል። ለአእምሮ ሕመም 40 በመቶ የተወሰነለት ሰው በ2000 በወጣው ሕግ መሠረት የመኖሪያ፣ የሥራና የማኅበራዊ ኑሮ ድጋፍ ላለበት የማገገሚያ አገልግሎት (ሳል ሺኩም) ማመልከት ይችላል። 90 በመቶና ከዚያ በላይ የደረሰ ሰው የአርኖና (የማዘጋጃ ቤት ግብር) ቅናሽ ከሐዴራ ማዘጋጃ ቤት መጠየቅ፣ በተወሰነ ገቢም ላይ የገቢ ግብር ነፃነት መመርመር አለበት። ሠርቶ መኖር ላቃተውና ሌላ ገቢ ለሌለው ቤተሰብ በ1980ው ሕግ የሚሰጠው የገቢ ማረጋገጫ (ሃቭታሐት ሃኽናሳ) አለ፤ የሥራ ቢሮው ወደ ሥራ ሐኪም ሊልከው ስለሚችል ለቫዓዳ የተዘጋጁት ወረቀቶች እዚያም ይያዛሉ።

ዕድሜው ወደ ጡረታ የቀረበ ሰው የተለየ ስሌት አለው። አጠቃላይ የአካል ጉዳት አበል የሚሰጠው ከ18 ዓመት እስከ ጡረታ ዕድሜ ነው፤ ለወንድ 67 ዓመት፣ ለሴት ከ62 ወደ 65 ቀስ በቀስ እያደገ ያለው። እዚያ ከደረሰ በኋላ የዕድሜ ጡረታና የእንክብካቤ አበል (ሲዑድ) በሌላ መመዘኛ ይመጣሉ። ነገር ግን ጡረታ ዕድሜው ላይ ሲደርስ ነኹት ሲቀበል የነበረ ሰው የዕድሜ ጡረታው ከነኹቱ መጠን እንዳያንስ ይደረጋል። የ65 ዓመት ወንድ ወይም የ61 ዓመት ሴት «አሁን ምን ዋጋ አለው» ብለው ይግባኙን ከተዉ የሚያጡት የጥቂት ዓመት አበል ብቻ ሳይሆን የቀሪ ዕድሜያቸውን የየወር ልዩነት ነው። ስለዚህ በዚህ ዕድሜ ያለ ሰው ፋይሉ ወደ ሕግ እርዳታ ክፍል ሲላክ የልደት ቀኑና ጡረታ የሚደርስበት ወር በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጎልቶ መጻፍ አለበት።